የመስቀል ወፍን በታኅሣሥ ማየት፦ ከወፍ ተመልካቾች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ

ሰው ሲጠፋብን «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ትላለህ» እንላለን። እኔም ይህንኑ እያልኩ ነው ያደግኩት። ወፉ መስከረም ላይ ይመጣል፣ አደይ አበባ ሲረግፍ ይሄዳል። በቃ። የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።

አንድ የታኅሣሥ ቅዳሜ ጠዋት ሱሉልታ ሜዳ ዳር ከወፍ ተመልካቾች ጋር ቆሜያለሁ። አጥር ላይ አንድ ቡናማ ወፍ ተቀምጧል። ድንቢጥ ያክላል። ዓይን የሚስብ ነገር የለውም። አጠገቤ የነበሩት ጋሼ የሩቅ ማያ መነጽራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሰጡኝ። «አትቸኩል፣ እስኪነሳ ጠብቅ» አሉኝ። ጠበቅኩ። ወፉ ብድግ ሲል ከጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ወገቡ ላይ፣ ቢጫ ነገር ቦግ ብሎ ጠፋ። «ይኸውልህ የመስቀል ወፍህ» አሉኝ።

ለካ የትም አልሄደም። ልብሱን ነው የቀየረው። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች አንዱ ይህ ነው። ወንዱ በመራቢያው ወቅት፣ ክረምት መውጫ ላይ፣ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ይለብሳል። ወቅቱ ሲያልፍ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ ግን አትለቀውም። ብቻዬን ብሆን በአጠገቡ መቶ ጊዜ ባልፍም አላየውም ነበር።

ለዚህ ነው ሰው «ወፍ ማየት እንዴት ልጀምር?» ሲለኝ መጽሐፍ ግዛ፣ መነጽር ግዛ የማልለው። ከሚያውቁ ሰዎች ጋር አንድ ጠዋት ውጣ እለዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች የመጀመሪያ ጠዋት ነው። ማንን እንደምትጠይቁ፣ ምን እንደምትይዙ፣ ሜዳ ላይ እንዴት እንደምትሆኑ።

ማንን ልጠይቅ?

በአገራችን በዚህ ነገር አንጋፋው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። የተመሠረተው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። የዓለም አቀፉ የወፍ ጥበቃ ድርጅት የበርድላይፍ ኢንተርናሽናል የኢትዮጵያ አጋርም እሱ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን መዝግቦ በመጽሐፍ አውጥቷል። ከታች ከማነሳቸው ቦታዎች ብዙዎቹ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ማኅበሩ ለአባላቱና ለወዳጆቹ የመስክ ጉዞ ያዘጋጃል። መርሐ ግብሩ እንደ ወቅቱና እንደ መንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ደውሉ፣ ወይም ብቅ ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠይቁ አትፈሩ። «ስለ ወፍ ምንም አላውቅም፣ መነጽርም የለኝም፣ በእንግድነት መምጣት እችላለሁ?» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ወፍ የሚወዱ ሰዎች አዲስ ሰው ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። እስካሁን ፊት የነሳኝ አላጋጠመኝም።

በዚያው ትራንስፖርቱን ጠይቁ። አንዳንዴ ሚኒባስ ተከራይቶ ወጪው ለሰው ይካፈላል፣ አንዳንዴ መኪና ያለው የሌለውን ይጭናል። የመግቢያ ክፍያ ካለ ስንት እንደሆነ፣ መንገዱ ዳገት እንዳለው፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ እወቁ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሩ። ስምንት ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ከብዙ ትልልቅ ሰው የተሻለ ዓይን አለው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዝም በል ማለት ግን ይከብዳል።

አዲስ አበባ የማትኖሩ ከሆነ ከከተማችሁ አስጎብኚዎች ጀምሩ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላይ ወፍ ጠንቅቀው የሚያውቁ ወጣት አስጎብኚዎች አሉ። አራት አምስት ሆናችሁ አንዱን ለግማሽ ቀን ብትይዙ ወጪው አይከብድም። ሐዋሳ ደግሞ ዕድለኛ ከተማ ናት። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ሲበለት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ሲጠብቁ ያየ ሰው፣ ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልግ ወዲያው ይገባዋል።

ውጭ አገር ለምትኖሩም መንገዱ ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በየአካባቢው የኦዱቦን ማኅበራትና የወፍ ክበቦች አሉ። አብዛኛው ጉዟቸው ነፃ ነው። የገና ሰሞን የወፍ ቆጠራቸው ከ1900 ጀምሮ የሚካሄድ ነው፣ ጀማሪም ይቀበላሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ካላችሁ አሌክሳንድሪያ ያለውን ሀንትሊ ሜዶውስ ፓርክ ሞክሩት። ረግረጉ ላይ የእንጨት መሄጃ ስላለው ለጀማሪ ይመቻል። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሁላ ሸለቆ ሂዱ። እዚያ በአሥር ሺዎች የሚሰፍሩት ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ለእኛም እንግዳ አይደሉም። ከሰሜን አውሮፓ ተነስተው በዚያ አልፈው ኢትዮጵያ ድረስ የሚመጡ አሉ።

ቀኑንና ሰዓቱን አጣሩ

ይህ ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ሰው የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው። ጉዞዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ የውጭ ዜጎች አሉ። መልእክቱ «6:30» ቢል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ማለትም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አንዴ አንድ ወዳጄ በእኛ ቆጥሮ እኩለ ቀን ላይ መጣ። እኛ በዚያን ሰዓት ተመልሰን ሻይ እየጠጣን ነበር። «በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለምን እንዲህ በጠዋት? ወፍ ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጎሕ ሲቀድ መብል ፍለጋ ይወጣል። ይዘምራልም። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የቀረውን ቀን ሙሉ ያስከነዳል። ከ4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ጥላ ውስጥ ይሸሸጋል። የዚያን ጊዜ አሞራና ንስር በሞቀው አየር ላይ ስለሚንሳፈፉ ዓይናችሁን ወደ ሰማይ ታነሳላችሁ።

እሑድ ቅዳሴ የምታስቀድሱ ከሆነ የቅዳሜውን ጉዞ ምረጡ። ብዙ ቡድኖች ሁለቱንም ያፈራርቃሉ።

ከወቅት ለጀማሪ የምመክረው ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡትም እንግዶች አሉ። በዚህ ወቅት ሜዳ ላይ ከብት ሲግጥ እግሩ ሥር እዩ። ቢጫ ሆድ ያላቸው፣ ጅራታቸውን ላይ ታች የሚያወዛውዙ ቀጫጭን ወፎች ከብቱ የሚያስነሳውን ነፍሳት እየለቀሙ ይከተላሉ። እነዚያ ትናንሽ ፍጥረቶች በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጠው ነው እዚያ ላም እግር ሥር የደረሱት።

መጀመሪያ ውኃ፣ ጫካ በኋላ

ምርጫ ከተሰጣችሁ የመጀመሪያ ጉዟችሁ ወደ ውኃ ወይም ወደ ሜዳ ይሁን። ወደ ጫካ አይሁን። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የቆረጠው መጀመሪያ ጫካ ስለገባ ነው። ጫካ ውስጥ ወፍ ይሰማል እንጂ አይታይም። ቅጠል ይነቃነቃል፣ መሪው ስም ይጠራል፣ እናንተ ቅጠል ታያላችሁ። ውኃ ዳር ግን ወፉ ትልቅ ነው፣ ቀስ ይላል፣ አንድ ቦታ ይቆያል። ሁላችሁም አንዱን ወፍ አምስት ደቂቃ ታዩታላችሁ።

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለዚህ ይስማማል። እዚያ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የማይኖረውን ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ልታዩ ትችላላችሁ። ሣር ላይ ቆሞ ሲግጥ ግራጫማ ቡናማ ነው፣ ሰማያዊው አይታይም። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ጀርባው ላይ ያስደግፈዋል፤ ከሌላ ዝይ የምትለዩት በዚህ ነው። ሲበር ክንፉ ይከፈትና ሰማያዊው ይወጣል። እዚህም «እስኪነሳ ጠብቅ» ይሠራል።

ሱሉልታ ሜዳ ሁለተኛው ምርጫዬ ነው። ሣሩ ውስጥ ጉሮሮው ብርቱካን የመሰለ ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሐብል ያሰረ የሚመስል ወፍ አለ። እሱም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጀርባውን ከሰጣችሁ ሣር ነው የሚመስለው። ሲዞር ነው የምትደነግጡት።

ቢሾፍቱ ሐይቆቹና ረግረጎቹ ለዳክዬ ጥሩ ናቸው። ክሬኖቹም በበጋ በዚያ አካባቢ ማሳ ላይ ይውላሉ።

መናገሻ ሱባ ጫካን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጉዞ አቆዩት። የጽድ ዛፉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርአ ያዕቆብ ትእዛዝ እንደተተከለ ይነገራል። ችግኙም የመጣው ከሸዋው ወፍ ዋሻ ነው ይባላል። ስሙን ልብ በሉልኝ። እዚያ ጉንጩ ነጭ የሆነ አረንጓዴ ወፍ አለ። ቱራኮ ይሉታል። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ከቅጠሉ አይለይም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲያልፍ ግን ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ጆሯችሁ ትንሽ ከሠለጠነ በኋላ ብታዩት ደስታው እጥፍ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ግቢያችሁን እወቁ

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ ይጠቅማችኋል። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ ግቢያችሁ ወይም በረንዳችሁ ላይ ቁሙ። ስም አትፈልጉ። ብቻ እዩ። አምስት ወፍ ለይታችሁ ከመጣችሁ ሜዳ ላይ «ይህ ከግቢዬ ቁራ ይበልጣል፣ ያኛው ከርግቧ ያንሳል» ማለት ትችላላችሁ። መሪውም በዚያው ቋንቋ ያስረዳችኋል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ እነዚህን ታገኛላችሁ። ከእጅ ላይ ሥጋ የምትነጥቀው ጭልፊት አለች፤ ስትበር ጅራቷን እንደ መሪ ወዲህ ወዲያ ትጠመዝዘዋለች። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚሰፍሩት ጥቋቁር ግራጫ ርግቦች ማጅራታቸው ላይ ነጭ አላቸው። እነዚህ የእኛው ደጋ ርግቦች ናቸው። ማለዳና ማታ በጣሪያችን ላይ እየጮኹ የሚያልፉት፣ እኛ ሰፈር ጋጋኖ የምንላቸው፣ ረጅም ቁልቁል የታጠፈ ምንቃር ያላቸው ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የሉም። ጉሮሯቸው ላይ የተንጠለጠለ ቆዳ አላቸው። ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ነጭ ይታያል። ቁራውንም ልብ ብላችሁ እዩት። ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ከሆነ ያ የአፍሪካ ቀንድ ደጋ ቁራ ነው። ግቢያችሁ አበባ ካለ ደግሞ ጠመዝማዛ ቀጭን ምንቃር ያለው፣ ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ትንሽ ወፍ ይመጣል። ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊና መዳብ ሆኖ ያበራል። ዓለም የሚያውቀው በተከዜ ወንዝ ስም ነው።

ስታዩ በዚህ ቅደም ተከተል እዩ። መጠኑ፣ ምንቃሩ፣ ያለበት ቦታ፣ የሚሠራው ሥራ። ቀለም መጨረሻ ላይ ይምጣ። ቀለም በብርሃን ይታለላል፣ ምንቃር ግን አይዋሽም።

መነጽሩ

ባይኖኩላሩን ሁሉም በአጭሩ መነጽር ነው የሚለው። ለመጀመሪያው ጉዞ አትግዙ። ማኅበሩ ወይም መሪው ተርፎት የሚያውሳችሁ አይጠፋም። ሲቆይ ከገዛችሁ 8×42 የሚል ፈልጉ። 8 ማለት ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 10 እና 12 የሚያቀርበው የተሻለ ይመስላል። ግን የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያበዛል፣ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ነው። ለጀማሪ 8 በቂ ነው።

ሲሰጣችሁ መጀመሪያ ለራሳችሁ ዓይን አስተካክሉት። አብዛኛው ሰው ይህን ስለማያደርግ «ይደበዝዛል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን በርሜሎች አጥፋችሁ ወይም ከፍታችሁ አንድ ክብ ብቻ እስኪታይ አቀራርቡ። ከዚያ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ምረጡ፣ የሱቅ ታፔላ ይሁን። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመካከለኛው መዘውር በግራ ዓይን ጥርት አድርጉት። አሁን ግራውን ጨፍኑ። መካከለኛውን አትንኩ። በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞራችሁ ጥርት አድርጉት። አለቀ። ከዚህ በኋላ ቀኑን ሙሉ መካከለኛውን ብቻ ነው የምታዞሩት። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የጎማውን ጽዋ ወደ ታች አጥፉት ወይም አዙራችሁ አስገቡት፣ መነጽራችሁን ሳታወልቁ ታያላችሁ።

ወፍ ማግኘት ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ ወፉን ያይና ዓይኑን ወደ መነጽሩ ዝቅ ያደርጋል። ቀና ሲል ወፉ የለም። እንዲህ አድርጉ። ወፉን በባዶ ዓይን ያዙት። ዓይናችሁን ከእሱ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ራሳችሁን አታንቀሳቅሱ፣ እጃችሁ ብቻ ይምጣ። ቤት ውስጥ ሆናችሁ በመስኮት የጎረቤት ዲሽ ላይ ሃያ ጊዜ ብትለማመዱት ሜዳ ላይ አታፍሩም።

ልብስና ስንቅ

ነጭ አትልበሱ። ነጠላም እቤት ይቆይ። ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ ይሁን። ገፈርሳ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ 12 ሰዓት ላይ ያንቀጠቅጣል፣ 4 ሰዓት ላይ ያቃጥላል። ደራርባችሁ ልበሱ። ባርኔጣ፣ ውኃ። ከክረምት በኋላ ሱሉልታ ከሆነ ቦቲ ጫማ።

ስንቁ ዳቦና ቆሎ ቢሆን ጥሩ ነው። በፌስታል ግን አትያዙት። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ እንደ ጩኸት ነው። በጨርቅ ቋጥሩት።

ሜዳ ላይ

መሪውን አትቅደሙ። ይህ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደንብ ነው። ከፊቱ ያለፈ ሰው የሁሉንም ወፍ ያባርራል። እርምጃው በጣም ዝግ ያለ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት መሄድ የተለመደ ነው። ስፖርት አይደለም። ሲቆሙ ቁሙ፣ ሲያንሾካሹኩ አንሾካሹኩ። ስልካችሁ ድምፅ አልባ ይሁን። እጃችሁን በድንገት አታንሱ።

ወፍ ካያችሁ «እዚያ! እዚያ!» አትበሉ። ማንም አያገኘውም። ከትልቁ ወደ ትንሹ ውረዱ። «ከሦስቱ ባሕር ዛፎች መካከለኛው። ግንዱ ግማሽ ላይ። ወደ ቀኝ የወጣው ደረቅ ቅርንጫፍ። ጫፉ ላይ።» ዛፉ ክብ ከሆነ ደግሞ እንደ ሰዓት ፊት ቁጠሩት። አናቱ 12 ነው፣ በቀኝ 3፣ ከሥሩ 6፣ በግራ 9። «ዋርካው ላይ፣ ሁለት ሰዓት፣ ጠርዙ ጋ» ስትሉ አሥር መነጽር አንድ ላይ ይዞራል። ይህን የቻለ ጀማሪ ስም ባያውቅም ቡድኑ ይወደዋል።

አሁን ከልቤ የምለው አንድ ነገር አለ። ይሉኝታ ይቅር። ሁሉም «አየህ? አየሽ?» ሲሉ፣ ሌላ ሰው አላስቸግርም ብለን «አዎ፣ አየሁ» እንላለን። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጉዞዎች ግማሹን ወፍ ያላየሁት በዚህ ነው። ጋሼ አንድ ቀን ነቅተውብኝ «ምንቃሩ ምን ይመስላል?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም ብለው ትከሻዬን ይዘው ወደ ግራ ትንሽ አዞሩኝ። ወፉ እዚያው ነበር። ካላያችሁ «አላገኘሁትም፣ ድገሙልኝ» በሉ። ወፍ ማሳየት የሚወድ ሰው ሦስት ጊዜ መድገም አይሰለቸውም። ለዚህ ነው አብሯችሁ የወጣው።

ጎጆ ካያችሁ ወደ ኋላ በሉ። እናት ወፏ ዙሪያችሁን እየጮኸች ከሆነ ቀርባችኋል ማለት ነው። ፎቶ ለማንሳት ቅርንጫፍ አትስበሩ፣ ሣር አትርገጡ። የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራትንም ተዉት። ወንዱ ጠላት የመጣበት መስሎት መብሉን ትቶ ይዋጋል። ረግረግ ውስጥ ገብቶ ወፍ ማስነሳት ከሁሉም የከፋ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የበርጋ ረግረግ በክረምት ሣር ውስጥ የሚፈለፍል፣ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት የቀረ ነጭ ክንፍ ያለው ትንሽ ወፍ መኖሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ጎጆ አንድ ጫማ ይጨርሰዋል።

የቦታው ሰዎች

ሜዳው ባለቤት አለው። ገበሬውን ሳታዩ ወፉን አትዩ። ቆማችሁ «እንደምን አደራችሁ» በሉ። ሱሉልታና ቢሾፍቱ አካባቢ «አካም ቡልተኒ» ብትሉ ፊቱ ይፈታል። ምን እንደምትሠሩ ንገሩት። ማሳ ውስጥ በድንበሩ እንጂ በመሀሉ አትለፉ። ገበሬ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የበለጠ ያውቃል። የትኛው ወፍ መቼ እንደሚመጣ፣ የቱ እህል እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር ጠይቁት።

ልጆች ይከቧችኋል። አታባርሯቸው። መነጽሩን ለአንዱ ስጡትና ሩቅ ያለችውን ላም አሳዩት። ከዚያ ወፉን። ወንጭፍ የያዘ ልጅ አንዴ የዝይ ዓይን በቅርብ ካየ ድንጋዩን ሲያስቀምጥ አይቻለሁ።

ጥበቃዎቹን በተመለከተ ጠንቀቅ በሉ። ግድብ የከተማ ውኃ ነው፣ ይጠበቃል። ካምፕ፣ አየር ማረፊያ ወይም ሌላ የሚጠበቅ ቦታ አጠገብ መነጽርና ትልቅ ካሜራ ይዞ መቆም ጥያቄ ያስነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መታወቂያችሁን ያዙ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ይዞ ጥበቃዎቹን የሚያነጋግረው መሪው ይሁን። ብቻዬን ወጥቼ አንድ ግድብ አጠገብ ግማሽ ቀን ጥበቃ ቤት ተቀምጬ አውቃለሁ። ከማኅበር ጋር የመውጣት አንዱ ጥቅም ይህ ነው። ከከተማ ስትወጡም የመንገዱን ሁኔታ መሪው ያጣራ።

ዝርዝሩ

ጉዞው ሲያልቅ ሁሉም ጥላ ሥር ይሰበሰባል። ቆሎው ይወጣል። መሪው ከሉህ ላይ የወፍ ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ ያየ «አለ» ይላል። ያላያችሁትን አትጻፉ። 60 ወፍ ተጠርቶ የእናንተ 14 ቢሆን 14 ጻፉ። ከ14ቱ ስድስቱን ሳምንት በኋላ ካስታወሳችሁ ጥሩ ጠዋት ነበር። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ዝርዝራችሁን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ኢበርድ በሚባለው ነፃ መተግበሪያ ላይ መመዝገብ ትችላላችሁ። ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ይጠይቃችኋል። ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ከኢትዮጵያ የሚገባው መረጃ ጥቂት ስለሆነ የእናንተ 14 ወፍ ዋጋ አለው።

ማታ ቤት ገብታችሁ ለመሪው ወይም መነጽር ላዋሳችሁ ሰው መልእክት ላኩ። ቀጣዩ ጉዞ መቼ እንደሆነም ጠይቁ። በሜይና በኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ የዓለም የስደተኛ ወፎች ቀን ነው፤ በየአገሩ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ዝግጅቶች ይደረጋሉ። ጃንዋሪ ላይ፣ ጥምቀት ሰሞን፣ በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፍ ቆጠራ አለ። በዚያ ጊዜ ሐይቆቹ ጋ ሰው ያስፈልጋል።

መቁጠር ባትችሉም ሂዱ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የተሰጠኝ ሥራ ጽሕፈት ነበር። ጋሼ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሱ «ዳክዬ አርባ፣ አርባ አምስት፣ ጋጋኖ ሦስት» ይላሉ፣ እኔ ሠረዝ አሰምራለሁ። ደብተርና ሁለት እርሳስ ያዙ። ለጠል እርሳስ ከእስክሪብቶ ይሻላል።